ነርስዎ ጡትዎንና ብብትዎን የሚመረምሩት ለምንድን ነው?

ነርስዎ መጀመሪያ ጡትዎን በዓይን ይመለከታሉ፤ ከዚያም በጣቶቻቸው ይዳስሳሉ። ብብትዎንና የአንገትዎን ሥርም ይነካሉ። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው በብብት ውስጥ ወዳሉት የሊምፍ እጢዎች ነው። ሆኖም በብብት የሚወጣ ንፍፊት ከኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል።

እነዚህን ካዩ ለነርስዎ ይንገሩ፦
• አዲስ እብጠት፣ ባያምም እንኳ
• የቆዳ መሰርጎድ ወይም መቅላት
• ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ

“አያመኝም” ብለው አይዘግዩ። አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፤ ይህ የሚታወቀው ግን በምርመራ ነው።

ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ዓመት ለሆኑ ሴቶች፣ ምልክት ባይኖርም፣ በየ2 ዓመቱ ማሞግራም ይመከራል።

ሴት መርማሪና ነጻ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ ሊያስተረጉም አይገባም።