ሸራ፦ ከባሕር ወደ ቆላ የመጣ ቃል

የዛሬው ቃላችን «ሸራ» ነው። ምሳሌዬን ከባሕር ርቃ ከምትገኘው ከሊበን ዞን ከተማ ከፊልቱ እወስዳለሁ።

በዐረብኛ «ሺራዕ» ማለት ነፋስ ተቀብሎ ጀልባን የሚነዳ ጨርቅ ነው። ሶማልኛም ቃሉን በዚሁ ፍች ይዞታል፤ የአማርኛው ሸራ ምንጭም እርሱው እንደ ሆነ አምናለሁ። የእንግሊዝኛው «ካንቫስ» መንገድ ሌላ ነው፤ ስሙን ያገኘው ጨርቁ ከተሠራበት ከካናቢስ ተክል ነው። አንዱ በሥራው፣ ሌላው በተሠራበት ነገር ተሰየመ።

ሸራ ወደ መሀል አገር ሲዘልቅ ነፋሱን ጥሎ ጨርቁን ያዘ። የሠዓሊ ሸራ፣ ሸራ ጫማ፣ የጭነት መኪና ሸራ እንላለን፤ ከእነዚህ መካከል ባሕር የሚያውቅ የለም። ኋላ ፕላስቲክ መጣ፤ ጨርቁም ቀርቶ መሸፈኑ ብቻ ተረፈ።

የዚህ ለውጥ ዋጋ በፊልቱ ዙሪያ ይታያል። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል፣ በተለምዶ የሚሸፈነው በእጅ በተሠራ ምንጣፍ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት በቀረበት ድርቅ ከብቱ አልቆበት ለተፈናቀለ ቤተሰብ ግን ጣሪያው ሸራ ይሆናል። በግዥ ሰነድ ላይ «ሸራ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ስስ ፕላስቲክ ያመጣ አቅራቢ ውሉን አላፈረሰም፤ እናቲቱ ግን ሙቀት በሚያፍን ጣሪያ ሥር ልጆቿን ታስተኛለች። እናንተ ነገ ሰነድ የምትተረጉሙ ተማሪዎች፣ «የጥጥ ሸራ» ወይም «የፕላስቲክ ሸራ» ብላችሁ ለዩ፤ ውፍረቱንም ጻፉ።