300 ኪሎ ታስቦ 47 ኪሎ የሚመዘንበት የጓዳ እንጉዳይ

ከሾላ ገበያ አንስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በኮተቤ በኩል እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ባሉት የየካ መንደሮች ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት የሰርቪስ ክፍል ቀላል ሀብት አይደለችም። ትከራያለች፣ እንጀራ ይጋገርባታል፣ ዶሮ ይረባባታል። በአዲስ አበባ እንዲህ ባለች ጠባብ ክፍል ከሚጀመሩት ሥራዎች አንዱ ደግሞ የእንጉዳይ ልማት ነው። መሬት አይጠይቅም፤ ጥሬ ዕቃው ጭድ ነው፤ ምርቱም በሁለት ወር ውስጥ ለሽያጭ ይደርሳል።

ይሁንና ሥራውን የሚጀምር ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ስንት ኪሎ ይወጣል?›› የሚል ነው። ብዙ ጀማሪ የሚከስረውም በሻጋታ ወይም በገበያ ማጣት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ ገና ከመነሻው የተሳሳተ መልስ በመያዙ ነው።

ስሌቱ የሚስተው የት ላይ ነው?

ለጀማሪ የሚመከረው ኦይስተር የሚባለው የእንጉዳይ ዓይነት ነው። ይህ እንጉዳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን አገር ለምግብ እጥረት ማቃለያ መልማት የጀመረ ሲሆን በስንዴ፣ በገብስና በጤፍ ጭድ ላይ እንዲሁም በጥጥ ፍሬ ገለፈት ላይ ይበቅላል። ጭዱ ተከትክቶ ይነከራል፣ በሙቅ ውኃ ይታጠናል፣ ከቀዘቀዘና ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከእንጉዳይ ዘር ጋር ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል።

አምራቾች ምርቱን የሚለኩት በመቶኛ ነው። ‹‹መቶ በመቶ ይሰጣል›› ሲባል ጀማሪው ከረጢቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ ያባዛል። እንበል 60 ከረጢት አለው፤ እያንዳንዱ 5 ኪሎ ይመዝናል። ድምሩ 300 ኪሎ ነው። መቶ በመቶው ደግሞ 300 ኪሎ እንጉዳይ ይሆንለታል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከደረቁ ጭድ እንጂ ከረጠበው ከረጢት አይደለም። በደንብ የተዘጋጀ ከረጢት ከ100 እጅ 65ቱ ውኃ ነው። ስለዚህ 5 ኪሎ በሚመዝነው ከረጢት ውስጥ ያለው ደረቅ ጭድ 1.75 ኪሎ ብቻ ነው። ስድሳው ከረጢት ሲደመር 105 ኪሎ ይሆናል። እጅግ የተዋጣለት አምራች መቶ በመቶ ቢያገኝ እንኳ ጣሪያው 105 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ጀማሪ ደግሞ ጣሪያውን አይነካም። በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶ ያገኘ ሰው አልተጎዳም። ከ60ው ከረጢት 6ቱ በአረንጓዴ ሻጋታ ተበላሽተው ይጣሉ እንበል። የቀሩት 54 ከረጢቶች 94.5 ኪሎ ደረቅ ጭድ ይዘዋል። የዚህ ግማሽ 47 ኪሎ ገደማ ነው። በ300 እና በ47 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ሊሆን ይችላል።

ለስሌት ያህል የዙሩ ጠቅላላ ወጪ 9,400 ብር ነው ብለን እንያዝ። በ300 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ የሚፈጀው 31 ብር ነው፤ በ47 ኪሎ ሲካፈል ግን 200 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ቁጥር ተማምኖ ከሆቴል ጋር በኪሎ 100 ብር የተዋዋለ ሰው ሦስት እጥፍ ያተረፈ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በሚያስረክበው በእያንዳንዱ ኪሎ 100 ብር ከኪሱ እየጨመረ መሆኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው።

መብራቱስ?

ሌላው የጀማሪ ወጪ መብራት ነው። እንጉዳይ እንደ ሰላጣ ወይም እንደ ጎመን ምግቡን ከብርሃን አይሠራም፤ ምግቡ ከጭዱ ነው። ዘሩ ጭዱን ወርሶ ነጭ እስኪያደርገው ድረስ ባሉት ከሦስት እስከ አራት ሳምንታት ጨለማ ይበቃዋል። ብርሃን የሚያስፈልገው መፍካት ሲጀምር ነው። ያኔ ብርሃን ቢያጣ ግንዱ እየረዘመ ባርኔጣው ትንሽ ይቀራል፤ ገዢም ይመልሰዋል።

የሚፈለገው መጠን ብዙውን ጊዜ 500 ሉክስ ገደማ ነው ይባላል። በቀላል አነጋገር ጋዜጣ ያለ ችግር የሚነበብበት ብርሃን ነው። ሉክስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ የብርሃን መጠን ሲሆን፣ አምፖሉ የሚያወጣው ደግሞ በሉመን ይለካል። አራት በሦስት ሜትር ለሆነች ክፍል 6,000 ሉመን ከከረጢቶቹ ላይ ማረፍ አለበት። ግማሹ በግድግዳና በጣሪያ ስለሚባክን 12,000 ሉመን ይታሰብ።

በአንድ ዋት 100 ሉመን የሚያወጣ ኤል ኢ ዲ አምፖል ለዚህ 120 ዋት ይበቃዋል። በቀን 10 ሰዓት ለ40 ቀን ቢበራ 48 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ይህም ለአንድ ኪሎ እንጉዳይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ግን በአንድ ዋት ከ12 ሉመን ብዙም ስለማይዘል ያንኑ ብርሃን ለመስጠት 1,000 ዋት፣ በ40 ቀን 400 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህም በላይ ሙቀቱ ክፍሉን ያደርቃል። የቤት መብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እርከኑ ከፍ ስለሚል ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን መስኮት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት፣ ወንፊት የተወጠረበት መስኮት ብርሃኑንም ንጹሕ አየሩንም በነፃ ይሰጣል። ለመብራት የታሰበው ገንዘብ ለጥሩ ዘርና ለሚዛን ቢውል ይሻላል።

እንጨቱና ብርዱ

በአንጻሩ ጀማሪው የሚረሳው ትልቁ የኃይል ወጪ ጭዱን የሚያጥነው ሙቅ ውኃ ነው። ሦስት መቶ ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 19 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ያስፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀት በነፋስ ስለሚሄድ ይህን ለማፍላት 40 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ እንጨት ይነዳል። ይህም እናቶች ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት አንድ ሙሉ ሸክም መሆኑ ነው። በርሜሉን በጭቃ መከለልና መክደን ከአምፖል መለወጥ የበለጠ ያተርፋል።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር ብርዱ ነው። ዘሩ ጭዱን የሚወርሰው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በሦስት ሳምንት ይጠበቅ የነበረው በአምስትም በስድስትም ሳምንት ላይደርስ ይችላል። በዘገየ ቁጥር ደግሞ ሻጋታ ይቀድማል። ከረጢቶቹን አቀራርቦ መደርደር፣ ጣሪያውን በኮርኒስ መድፈን ብዙ ይረዳል። መፍኪያው ላይ ግን ቅዝቃዜው ጥቅም አለው፤ እንጉዳዩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አየር ይወፍራል።

የገበያው ቀን

ከ47ቱ ኪሎ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያው ለቀማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተግተልትሎ ይወጣል። ሁለተኛው ለቀማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ሦስተኛው ያንሳል። እንጉዳይ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ካልተሸጠ ማድረቅ ይቻላል፤ ግን 10 ኪሎው ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ገዢው መታወቅ ያለበት ከረጢቱ ከመታሸጉ በፊት ነው።

ዋናው ገበያ ጾም ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ለመሸጥ ከረጢቱ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መዘጋጀት አለበት። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ይህ ማለት ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥ ነው። ቀኑን ሲቆጥሩ ብርዱ የሚያዘገየውን ሁለትና ሦስት ሳምንት አብሮ መቁጠር ይገባል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። ባርኔጣው ተዘርግቶ ጠርዙ ከመገልበጡ በፊት መልቀም ያስፈልጋል። ካለፈ የሚበተነው ደቃቅ ብናኝ ሳንባን ይጎዳልና ክፍሉ ሲገባ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። የጎደለ ትእዛዝ ለመሙላት ብሎ ከእንጦጦ ጫካ የበቀለ እንጉዳይ መቀላቀል ደግሞ ሰው መግደል ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በ60 ከረጢት ሳይሆን በ10 ይጀምር። ጭዱን ሳይነክር ይመዝን፤ የለቀመውን በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ለደረቁ ጭድ ያካፍል። የሚያገኘው ቁጥር 40 ይሁን 60 በመቶ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጭድና የራሱ ብርድ ውጤት ነው። ብድር የሚወሰድበትም ከሆቴል ጋር የሚዋዋሉበትም ያ ቁጥር እንጂ ዘር ሻጩ የነገረው መሆን የለበትም።