ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ምን ይወዳል?

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የልደት ስጦታው ሲከፈትለት ብዙ ጊዜ መጫወቻውን ትቶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። ካርቶኑ መጀመሪያ መኪና ይሆናል፤ ቆይቶ ቤት፣ ሲመሽ ደግሞ ሱቅ። ስጦታውን ያመጣው ዘመድ ቅር ሊለው ይችላል፤ ልጁ ግን ትልቅ ሥራ ላይ ነው። አንዱን ነገር ሌላ ነገር አድርጎ ማሰብ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ብቅ የሚል ችሎታ ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ በልጅ አስተሳሰብ ውስጥ ትልቅ እርምጃ አድርጎ ቆጥሮታል። ካርቶን የተለየ መልክ ስለሌለው ልጁ ያሻውን ያደርገዋል። በኢትዮጵያ እቃቃ የሚጫወቱ ልጆች በቆርኪ ወጥ ሠርተው፣ በጭቃ እንጀራ ጋግረው እንግዳ የሚጋብዙት በዚሁ ችሎታ ነው።

በዚህ ዕድሜ ወላጅን የሚያሰለቸው «ድገሚልኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። ልጁ ትናንት የሰማውን ተረት ዛሬም ይፈልጋል፤ እናት ደክሟት አንድ ገጽ ብትዘል «አያ ጅቦ የታለ?» ብሎ ያስቆማታል። በእንግሊዝ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጄሲካ ሆርስት ከባልደረቦቿ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አንድን ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የሦስት ዓመት ልጆች የተለያዩ ታሪኮች ከተነበቡላቸው እኩዮቻቸው ይልቅ አዳዲስ ቃላትን በተሻለ ይዘው ተገኝተዋል። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም ወገኖች የሰሙት እኩል ጊዜ ነበር። ታሪክ አዲስ ሲሆን የልጁ ሐሳብ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» በሚለው ይያዛል፤ መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ግን ላልገባው ቃል ጆሮ ይኖረዋል። ስለዚህ ድጋሚ ንባብ ከመጀመሪያው አያንስም፤ እንዲያውም የበለጠ ሊያስተምር ይችላል።

አንዳንዱ ልጅ ፍቅሩ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደላል። ባጃጅ ባየ ቁጥር ይጮኻል፣ የዶዘር ሥዕል ካልያዘ አይተኛም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲ ደሎችና ባልደረቦቿ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ካጠኗቸው ትንንሽ ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ብርቱ ፍቅር ነበራቸው፤ በወንዶች ላይ ደግሞ በብዛት ታይቷል። ነገሩ ዕውቀትም ያፈራል። በ1983 እ.ኤ.አ. ሚሼሊን ቺ እና ራንዲ ኮስኪ ያጠኑት የአራት ዓመት ተኩል ልጅ አርባ ዳይኖሰሮችን ያውቅ ነበር። ይበልጥ የሚያውቃቸውን በሚመገቡትና በመልካቸው እያዛመደ በቡድን በቡድን ይዟቸዋል፤ በደንብም ያስታውሳቸዋል። «በቃህ፣ ሌላ ነገር ተጫወት» ከማለት ዶዘሩ የሚሠራበት ቦታ ወስዶ ማሳየት ይሻላል።

የማይጣል ጨርቅም አለ። ጠርዙ የተበላ ብርድ ልብስ ወይም አንድ ዓይኑ የወለቀ አሻንጉሊት ከልጁ ጋር ይውላል፣ ያድራል። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት፣ ልጁ ከእናቱ መለየትን የሚለማመደው እንዲህ ባለው ዕቃ እንደሆነ አስረድቷል። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የኮሪያ ሕፃናት ከአሜሪካ ሕፃናት ይልቅ ለዕቃ ያላቸው ቁርኝት አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል፤ የኮሪያዎቹ ሕፃናት ሲተኙ እናታቸው አጠገባቸው ነበረች። በአንቀልባ ታዝሎ ያደገና ከእናቱ ጎን የሚተኛ ልጅም የነጠላዋ ጫፍ ሊበቃው ይችላል። ዕቃው ያለው ልጅ ግን ሳይነገረው አይወሰድበት፤ ሲታጠብ እንኳ ሽታው ተለወጠ ብሎ ሊያለቅስ ይችላል።

ምግብ ላይ ምርጫው ይጠብባል። ትናንት ሁሉን ይበላ የነበረ ልጅ አዲስ ነገር ሲቀርብለት አፉን ይገጥማል። ይህ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ሳያስገድዱ ደጋግሞ ማቅረብ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። የሚወደው ቀለም ደግሞ ጠዋት ቀይ፣ ማታ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በልደቱ ቀን በደብተር መመዝገብ የሚወዱ ቤተሰቦች አሉ። በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁታል፦ ምን ትወዳለህ? ማንን ትወዳለህ? ምን ያስፈራሃል? መልሱን ሳያርሙ መጻፍ ይበጃል። ባጃጅን «ባዳድ» ካለ «ባዳድ» ተብሎ ይጻፍ፤ በአራተኛው ልደቱ ቃሉን አስተካክሎ ይጠራዋልና።