ጉስታቭ ማህለር፤ የዕረፍት ወራት ደራሲ

ጉስታቭ ማህለር በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የታወቀው በኦርኬስትራ መሪነቱ እንጂ በድርሰቱ አልነበረም። በ1860 እ.ኤ.አ. በቦሄሚያ ተወልዶ፣ በልዩ ልዩ ከተሞች ካገለገለ በኋላ፣ በ1897 የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ዲሬክተር ሆነ። አይሁዳዊ ለዚያ ወንበር አይታጭም ነበርና፣ በዚያው ዓመት፣ ከሹመቱ አስቀድሞ፣ ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀ።

ሥራው ፋታ የሚሰጥ አልነበረም። ቀን ዘፋኞችን ማለማመድ፣ ሙዚቀኛ መቅጠርና ማሰናበት፣ ከበላይ ሹማምንት ጋር መጻጻፍ፤ ማታ ደግሞ ዘንጉን ይዞ መምራት ነበረበት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ጭንቀት ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉትን ሲምፎኒዎች የደረሰው ኦፔራው በሚዘጋበት የዕረፍት ወራት፣ በማየርኒግ ከሐይቁ በላይ፣ ጫካ ውስጥ ባሠራት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሥራ ሲከፈት ረቂቁን በትርፍ ሰዓቱ ያጠራው ነበር።

በ1907 ቪየናን ለቆ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ስምንተኛው ሲምፎኒ በ1910 ሙኒክ ላይ ሲሰማ እጅግ ታላቅ ጭብጨባ ተቀበለ፤ ደራሲው ግን በማግሥቱ ዓመት በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ዘጠነኛውን ከቶ አልሰማውም። በ1912 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው፣ ቀድሞ ረዳቱ የነበረው ብሩኖ ዋልተር ነው።