በስኮትላንድ ወይዛዝርት ላይ የተነሣው የሥራይ ክስ

አንባቢ ሆይ፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሕር ላይ ተበትነው ከሚታዩት የኦርክኒ ደሴቶች የተገኘ አንድ ተረት አለ። ተረቱን ጆሴፍ ጄኮብስ የተባለው ሰብሳቢ በ1890 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አግብቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ነገሩ እንዲህ ነው። አን የምትባል ልጅ የነበረችው ንጉሥና ኬት የምትባል ልጅ የነበረቻት ንግሥት ተጋቡ፤ ልጆቻቸውም አንዲት እናት እንደ ወለደቻቸው ያህል ተዋደዱ። ንግሥቲቱ ግን የእንጀራ ልጅዋ ከአብራክዋ ልጅ ይልቅ ውብ በመሆንዋ ቀናች፤ ቅናቷም ዶሮ ወደምትጠብቅ አንዲት መሠርይ ወሰዳት። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጧት አን እህል ሳትቀምስ ወደዚያች ሴት ቤት ሄዳ የድስቱን ክዳን ብታነሣ የራስዋ ራስ ወልቆ የበግ ራስ ተተካላት።

ኬት እናትዋን አልተከተለችም። የእኅትዋን ራስ በነጭ በፍታ ሸፍና፥ እጅዋን ይዛ ከቤት ወጣች። በሰው አገርም አንድ የታመመ የንጉሥ ልጅ በሌሊት ስታስታምም፥ ሕመምተኛው በድንገት ተነሥቶ የማይታዩ ፍጡራን ወደሚጨፍሩበት ኮረብታ ሲገባ ተከትላው ገባች። እዚያም አንድ ሕፃን የሚጫወትበትን በትር በለውዝ አታልላ ወሰደች፤ በዚያ በትር እኅትዋን ሦስት ጊዜ ብትመታት የቀድሞ መልኳ ተመለሰ። ሁለቱ እኅትማማቾች ሁለት ወንድማማቾችን አግብተው በተድላ ኖሩ ይላል ተረቱ።

ተረት ነውና ክፉው ሥራይ ተሽሮ ደጉ ሥራይ ተሾመ። ነገር ግን ኬት የተረት ሰው መሆንዋ ቀርቶ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በስኮትላንድ የኖረች እውነተኛ ወይዘሮ ብትሆን ኖሮ ምን ይደርስባት ነበር? ዛሬ ለአንባቢ ልናስረዳ የተነሣነው ይህን ነው።

በ1563 የስኮትላንድ ፓርላማ ስለ ሥራይ አንድ አጭር ሕግ አወጣ። ሥራይ ያደረገ ሁሉ በሞት ይቀጣል፤ ወደ መሠርይ ሄዶ ርዳታ የጠየቀም እንዲሁ በሞት ይቀጣል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሕጉ ለማዳን የተደረገውን ለመጉዳት ከተደረገው አልለየም። የዘመኑ የሃይማኖት ሊቃውንት ነገሩን ሲያስረዱ፥ ከእግዚአብሔር ያልሆነ ኀይል ሁሉ ከሰይጣን ነው፤ ስለዚህ በድግምት የሚፈውስ ሰውም የሰይጣን አገልጋይ ነው ይሉ ነበር። በእርግጥ በሰላሙ ጊዜ ሕመምተኛን በቃል የሚያክሙ ሰዎች የንስሐ ቅጣት ብቻ ተቀብለው የሚታለፉበት ጊዜ ብዙ ነበረ። ፍርሃት በአገር ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ሕጉ እንደ ተጻፈ ይሠራበት ነበር።

ታላቁ ፍርሃት የወደቀው በ1590 ነው። ንጉሡ ጄምስ 6ኛ የዴንማርክን ንጉሥ ልጅ አናን አግብቶ በግንቦት ወር ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በጕዞው ባሕሩን ያናወጠው ማዕበል የመሠርያን ሥራ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ትራነንት በምትባለው ከተማ ዴቪድ ሴቶን የተባለ ሹም ጊሊስ ዳንከን የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረችው። ይህች ልጅ ሕመምተኞችን ትፈውሳለች የሚል ዝና ወጣላት፤ ማታ ማታም ከቤት ትወጣ ነበር። ሹሙ ሌላ ጥፋት አላገኘባትም፤ ጥርጣሬውን የቀሰቀሰው ማዳንዋ ነው። ጣቶችዋን በብረት መጭመቂያ አስጨንቆ መረመራት፤ እርስዋም ከሥቃይዋ ብዛት የብዙ ሰዎችን ስም ጠራች።

ከተጠሩት መካከል አግነስ ሳምፕሶን የምትባል አዋላጅና መድኃኒት ዐዋቂ ነበረች። ጠጕርዋን ተላጭታ፥ እንቅልፍ ተከልክላ፥ በንጉሡም ፊት ቀርባ ተመረመረች። በክስዋ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ ነገር የዚያን ዘመን ሰዎች ስለ ሥራይ የነበራቸውን አሳብ በጣም ይገልጻል። ሮበርት ከርስ የተባለውን ሰው ሕመም ከእርሱ አንሥታ በራስዋ ላይ ተሸክማ አደረች፤ ሲነጋም በውሻ ወይም በድመት ላይ ልትጥለው ስትሞክር ስታ በሌላ ሰው ላይ ጣለችው፥ ያም ሰው ሞተ ተብሎ ተከሰሰች። በዚህ አሳብ መሠረት ሕመም ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው ላይ ያርፋል እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ ፈዋሽ ከገዳይ የምትለየው የተነሣው ሕመም በማን ላይ እንደ ወደቀ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚናገረው ከሳሹ ነው። አግነስ በጥር 1591 በኤዲንበርግ ተገደለች።

የወይዛዝርቱ ተራ ከዚህ በኋላ ደረሰ። ዩፌም ማክካሊያን በአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ልጅና የሀብቱ ብቸኛ ወራሽ ነበረች። ባልዋ የእርስዋን የቤተ ሰብ ስም እስኪወስድ ድረስ ርስትዋ የታወቀ ነበረ። ከላይ የጠቀስነው ዴቪድ ሴቶን የባልዋን እኅት ያገባ ሰው ነው። እንግዲህ ክሱ የተፀነሰው በዘመድ ቤት መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

በዩፌም ላይ ከቀረቡት ብዙ ክሶች አንዱ፥ በወለደች ጊዜ ምጥዋ እንዲቀልላት ከአግነስ ሳምፕሶን ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ተቀብላ ከትራስዋ በታች አኖረች የሚል ነው። የባልዋንም ሸሚዝ አጥፋ ከአልጋው በታች አድርጋለች ተባለ። ማንንም አልጐዳችም፤ ጭንቅዋ እንዲያልፍ ፈለገች እንጂ። (ያው የኤዲንበርግ ከተማ በ1847 ሐኪሙ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት የጀመረበት ከተማ ነው፤ በሁለቱ ነገሮች መካከል 256 ዓመት አለ።) ሌሎቹ ክሶች ግን ከባድ ነበሩ፤ ንጉሡን ለማጥፋት ከተማከሩት አንዲቱ ናት ተባለ። ጠበቆች ቆመው ቢከራከሩላትም ተፈረደባት። ብዙውን ጊዜ የተፈረደበት ሰው በመጀመሪያ ታንቆ ሬሳው ይቃጠል ነበር፤ በዩፌም ላይ ግን በሕይወትዋ እንድትቃጠል ተፈረደና በሰኔ 25 ቀን 1591 በኤዲንበርግ ግንብ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ተፈጸመ። ርስትዋም ተወረሰ። በሚከተለው ዓመት ፓርላማው ለልጆችዋ የውርስ መብታቸውን ሲመልስላቸው፥ ክሊፍተንሆል የተባለው ርስት ግን ንጉሡ በሰጠው ባለሟል እጅ ቀረ።

በዚያው ወራት ባርባራ ኔፒየር የምትባል ሌላ የከበረች ሴት ቀርባ፥ ፈራጅ ሽማግሌዎቹ ከዋናው ክስ ነፃ አወጧት። ንጉሡ ተቈጣ፤ ሽማግሌዎቹንም ራሳቸውን የተሳሳተ ፍርድ ሰጥታችኋል ብሎ ከሰሳቸው፥ ወደ ችሎቱም መጥቶ ንግግር አደረገ። ሽማግሌዎቹ ጥፋታቸውን አምነው ምሕረት ለመኑ። በመዝገብና በፊርማ ሥራ ላይ ያለ አንባቢ ከዚያ ቀን በኋላ የተቀመጠ ፈራጅ ብዕሩን ሲያነሣ ምን እንዳሰበ ለመገመት አይቸግረውም።

ሆኖም ሁሉም ወይዘሮ አልተቃጠለችም። ከላይ ካየነው ነገር በጥቂት ወራት ቀድሞ፥ በሐምሌ 22 ቀን 1590፥ ከሰሜኑ ክፍል የመጣች የፎውሊስ እመቤት ካትሪን ሮስ በኤዲንበርግ ችሎት ቆመች። የክስዋ ጽሑፍ እንደሚለው አሳብዋ ይህ ነበረ። ሮበርት መንሮ የተባለው የእንጀራ ልጅዋ እንዲሞት፥ የወንድምዋም ሚስት ማርጆሪ ካምቤል እንድትሞት፥ ከዚያም ወንድምዋ የሟቹን ሚስት እንዲያገባ ነው። ለዚህም ከሸክላ አፈርና ከቅቤ የሁለቱ ሰዎች ምስል ተሠራ፤ ምስሎቹም በድንጋይ ፍላጻ ተወረወሩ። እነዚህ ፍላጻዎች በጥንት ዘመን የነበሩ አዳኞች ከባልጩት የሠሯቸው ናቸው፤ ያገሩ ገበሬ በእርሻው ላይ ሲያገኛቸው ግን የስውራን መሣሪያ ይመስሉት ነበር። ፍላጻው ብዙ ጊዜ ሳተ። ምስሉ ባልሠራ ጊዜ ወደ አይጥ መርዝ ዞሩ። የመርዙ ዕቃ በመንገድ ተሰብሮ የፈሰሰውን የቀመሰች ሞግዚት ሞተች፤ የወንድምየውም ሚስት ብዙ ጊዜ ታመመች ይላል ጽሑፉ። እኛ ስለ ቅቤው ምስል ብንስቅም ስለ አይጥ መርዙ አንስቅም። በዚያ ዘመን በአንድ መዝገብ ውስጥ ምንም የማይጐዳ ነገርና እውነተኛ ወንጀል ተጐራብተው ይጻፉ ስለ ነበረ፥ ዛሬ አንዱን ከሌላው ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

በዚህ ክስ ላይ እጅግ የሚያስገርመው የከሳሹ ማንነት ነው። ከመንግሥት ጠበቃ ጋር አብሮ የቆመው ሌላው የእንጀራ ልጅዋ ሄክተር መንሮ ነበረ፤ ያው ሄክተር ግን በዚያው ቀን እርሱም በሥራይ ተከሶ ቀረበ። ታሞ ሳለ ማሪዮን ማክኢንጋሩክ የምትባል መሠርይ አስጠርቶ ነበር። እርስዋም ከእንጀራ እናቱ የተወለደው ወንድሙ ጆርጅ በእርሱ ፈንታ ካልሞተ በቀር አትድንም አለችው። በክረምት ሌሊት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሁለት ጌቶች ርስት ወሰን ላይ በተቈፈረ ጥልቀት በሌለው መቃብር ውስጥ ተጋደመ፤ አፈርም ተመለሰበት። ያሳደገችው ሴት የዘጠኝ ትልም ስፋት ሮጣ ተመልሳ፥ ማንን መረጥሽ ብላ መሠርይዋን ጠየቀች፤ ሄክተር ይኑር፥ ጆርጅ ይሙት ተብሎ ተመለሰላት። ሄክተር ዳነ፤ ጆርጅም በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል ያልነውን አንባቢ እዚህ ላይ ያስታውስ።

እናትየዋም የእንጀራ ልጇም በዚያው ቀን በነፃ ተለቀቁ። ፈራጅ ሽማግሌዎቹ ከአገራቸው የመጡ፥ አብዛኞቹም በእነርሱ ጥላ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ ተባባሪ ናቸው የተባሉ ድኾች ገና በ1577 ተቃጥለው ነበር። አዛዦቹ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቈይተው ነፃ ሲወጡ የታዘዙት ዐመድ ከሆኑ ቈይተዋል።

ስለ እኅትማማቾች ከተነሣ ደግሞ የዳን ቤተ ሰብ ነገር አይዘለልም። ሞንትሮዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የዳን ርስት ጌታ ሞቶ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ትቶ ነበር። የሟቹ ወንድም ሮበርት ኧርስኪን ልጆቹ ቢሞቱ ርስቱ ለእርሱ ይደርሰው ስለ ነበረ፥ ከሦስቱ እኅቶቹ ከኢሶቤል፥ ከአናስና ከሄለን ጋር ተማከረ። ሁለቱ ታላላቆች ተራራ ተሻግረው ጃኔት ኧርቪን ከምትባል በሥራይ ከታወቀች ሴት ቅጠል አመጡ፤ ቅጠሉም በጠላ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለልጆቹ ተሰጠ። ልጆቹ ወዲያው ታመው አስመለሳቸው፤ አንደኛውም ሞተ። ሮበርት በ1613 ራሱ ተቈረጠ። በሚከተለው ዓመት ሦስቱ እኅትማማቾች ተፈረደባቸው፤ ኢሶቤልና አናስ ተገደሉ። የሄለን ጥፋት ከእኅቶችዋ ያነሰ፥ ጸጸትዋም የበለጠ መሆኑ ታይቶ ቅጣትዋ ወደ ስደት ተለወጠላት። በዚህ መዝገብ ለተረቱ ኬት በጥቂቱ የምትቀርብ ሴት ብትኖር ይህችው ሄለን ናት፤ እርስዋም ያገኘችው አገርዋን ለቃ መሄድን ነው።

በግላምስ ግንብ ስለምትታየው መንፈስ የሚነገረውን የሰማ አንባቢ፥ የግላምስ እመቤት ጃኔት ዳግላስስ ይለን ይሆናል። እርስዋ በሐምሌ 17 ቀን 1537 በኤዲንበርግ ተቃጥላለች፤ ነገር ግን ከላይ የተናገርነው ሕግ ገና አልወጣም ነበር፤ የተከሰሰችውም ንጉሡን ጄምስ 5ኛን በመርዝ ልትገድል አሤረች ተብሎ ነው። ንጉሡ የዳግላስን ወገን ሁሉ ይጠላ ነበር፤ ወንድምዋ የአንገስ መስፍን የንጉሡ እንጀራ አባት ሆኖ በልጅነቱ እንደ እስረኛ ይዞት ስለ ነበረ ነው። መሠርይ ያደረጋት ከሞተች በኋላ የመጣ ወሬ ነው።

የ1563ቱ ሕግ እስከ 1736 ጸንቶ ኖረ። በዚያን ዓመት የተተካው ሕግ፥ አስማት ዐውቃለሁ ብሎ ሰውን የሚያታልል በአታላይነት እስከ አንድ ዓመት እንዲታሰር ብቻ አዘዘ። የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የየፍርድ ቤቱን መዝገብ አገላብጠው በ2003 በፈጸሙት ጥናት 3,837 ተከሳሾች ተቈጥረዋል፤ ከመቶው 84ቱ ሴቶች ናቸው። ከእነዚህም ወይዛዝርቱ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት የገበሬና የባለ እጅ ሚስቶች፥ መበለቶችና ሠራተኞች ነበሩ። በመጋቢት 8 ቀን 2022 በዚያን ጊዜ የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጀን በፓርላማው ቆማ በ1563ቱ ሕግ ስለ ተከሰሱት፥ ስለ ተፈረደባቸውና ስለ ተገደሉት ሁሉ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀች፤ በግንቦትም የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስለ ራስዋ ድርሻ ይቅርታ ጠየቀች።