ያውቁ ኖሯል? የጀርመን እሑድ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው

ጀርመን ውስጥ እሑድ የዕረፍት ቀን መሆኑ በሕገ መንግሥት ተደንግጓል። ድንጋጌው መጀመሪያ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግም እንዳለ ወርሶታል። ስለዚህ ኑሮዎን በፍራንክፈርት ወይም በኮሎኝ ከጀመሩ አስቤዛዎን ቅዳሜ ይጨርሱ፤ እሑድ ሱፐርማርኬቶች ዝግ ናቸው። ዳቦ ቤቶች ግን ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታሉ፤ በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ያሉ ሱቆችም ይሠራሉ።

አዲስ ገቢን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው የጠርሙሱ ነገር ነው። መንገድ ዳር በቆሙት የባዶ ጠርሙስ ማጠራቀሚያዎች ላይ የተጻፈውን ሰዓት ልብ ብለው ያንብቡ፦ ባዶ ጠርሙስ እሑድ መጣል ክልክል ነው፤ የመስታወቱ ኳኳታ ጎረቤትን ዕረፍት ይነሳልና። መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ በድሪል መብሳትም እስከ ሰኞ ይቆያል።