ሁለት ክለብ ብቻ የነበረበት ሊግ፦ የበርሊኑ አይስቤረን ታሪክ

በዓለም ላይ ሁለት ክለቦች ብቻ የሚወዳደሩበት ሊግ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በምሥራቅ ጀርመን ለሃያ ዓመታት የዘለቀ እውነት ነው። ከእነዚያ ሁለት ክለቦች አንዱ ዛሬ አይስቤረን በርሊን ይባላል፤ «የበርሊን የበረዶ ድቦች» ማለት ነው። የስፖርት ዘገባ ስንጽፍ አብዛኞቻችን ውጤትና ዝውውር ላይ ነው የምናተኩረው። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ክለብ እንዴት ከተመሠረተበት አገር በላይ ዕድሜ እንዳገኘ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል። በበረዶ ሆኪ በረኛውን ጨምሮ ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ተጫዋቾች ሜዳ ይገባሉ። ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፑክ የምትባለውን ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየመቱ ግብ ለማግባት ይፋለማሉ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው።

የበርሊኑ ቡድን የተመሠረተው በ1954 ሲሆን ስሙ ዲናሞ በርሊን ነበር። ዲናሞ የፖሊስና የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች የስፖርት ማኅበር ነበር። እስከዚህ ድረስ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር የለውም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ኤሪክ ሚልከ ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ ስታዚ የተባለውን የስለላ ድርጅት በሚኒስትርነት የመራው ሰው። ክለቡ የሚጫወትበት ሆኸንሾንሃውዘን የተባለው የበርሊን ክፍል የስታዚ እስር ቤትም የሚገኝበት ሰፈር ነበር።

ቡድኑ በ1966፣ በ1967ና በ1968 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ታዲያ በ1969 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የስፖርት በጀቱን በሜዳሊያ ሒሳብ አወጣው። አንድ የበረዶ ላይ ሯጭ ብቻውን በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሦስት ሜዳሊያ ሊያመጣ ይችላል። የሆኪ ቡድን ግን ከሃያ የማያንሱ ተጫዋቾች ተቀልበው፣ ሠልጥነው፣ ቢሳካላቸው እንኳ በሜዳሊያ ሠንጠረዡ ላይ የሚቆጠርላቸው አንድ ብቻ ነው። «አያዋጣም» ተባለና በ1970 ሊጉ ፈረሰ።

የተረፉት ሁለቱ የሚልከ ክለቦች ናቸው፤ ዲናሞ በርሊንና ዲናሞ ቫይስቫሰር። ከዚያ ወዲህ እስከ 1990 ሻምፒዮናው የእነዚህ የሁለቱ ብቻ ሆነ። ዘንድሮ የገጠምከውን ሰው ለከርሞም፣ ከዚያ በኋላም እሱኑ መግጠም ነው! በምሥራቅ ጀርመን ታሪክ በጠቅላላው ቫይስቫሰር 25፣ በርሊን 15 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል።

እንግዲህ አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨዋታውን ከመጥፋት ያዳነው ሕዝቡ አብዝቶ ይፈራው የነበረ ሰው ነው። አንዱን ጽፎ ሌላውን የሚተው ጋዜጠኛ ግማሽ ታሪክ ነው የሚያቀርበው።

የበርሊን ግንብ በ1989 ከተከፈተ በኋላ ሁለቱም ክለቦች ወደ ምዕራቡ ሊግ ገቡ። ዲናሞ በርሊን ግን በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። የመንግሥት ገንዘብ የለም፤ ስሙም ስታዚን የሚያስታውስ ሆነ። በ1992 ወደ ላይ ሲመለስ ስሙን አይስቤረን አለው። ድብ የበርሊን ከተማ አርማ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1999 ደግሞ አንሹትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክለቡን ገዛው። የስለላው ሚኒስትር ክለብ የካፒታሊስት ንብረት ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን የተዋሐደች ጀርመን ዋንጫ ያነሣው በ2005 ነው። እስከ 2013 ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከሉ፣ በ2008፣ ደጋፊዎቹ «የቆርቆሮ ቤተ መንግሥት» የሚሉትን አሮጌ አዳራሽ ትቶ ከ14,000 በላይ ተመልካች ወደሚይዝ አዲስ አዳራሽ ተዛወረ። በ2021ና በ2022 እንደገና አሸነፈ። በ2023 ለጥሎ ማለፉ እንኳ ሳይደርስ ቀረ፤ በ2024ና በ2025 ግን ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። እስከ 2025 በጠቅላላው 11 መሆኑ ነው፤ በዚህ ሊግ ይህን ያህል ዋንጫ ያገኘ ሌላ ክለብ የለም።

አገሩ፣ ስሙ፣ ባለቤቱ፣ አዳራሹ ሁሉም ተለውጧል። ያልተለወጠው ደጋፊው ነው። ከስም ለውጡ በኋላም «ዲናሞ! ዲናሞ!» እያለ መጮኹን አልተወም። በስታዚ ለተሰቃየ ሰው ይህ ጩኸት ቁስል ይነካል። ለሚጮኸው ግን ከአባቱ ጋር ቆሞ ያየበት ሰፈርና ልጅነቱ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በእኔ አስተያየት፣ ስለ አንድ ክለብ ስንጽፍ «ስንት ለስንት ወጣ?» ከማለታችን ጋር «ማን አቋቋመው? በማን ገንዘብ ኖረ? ገንዘቡ ሲቋረጥ ማን አብሮት ቀረ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ገጾቻችን ከውጤት ሠንጠረዥ የተሻለ የሚነበብ ነገር ይኖራቸዋል።